“ስኳር ይለካ” ተባለ፤ ማን ይለካ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊት ዱቲ ወጥቼ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቁርስ እየበላሁ ነው። ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ የላኩትን ቅሬታ አየሁ። እናታቸውን ይዘው ድንገተኛ ክፍል ሄደው ነበር። ባለሙያዎቹ ከበሽተኛዋ ይልቅ ወረቀት ሲያዩ እንደነበር፣ አንዷ ቆማ ጥያቄ እያነበበች ሌሎቹ እንደ ተማሪ ሲመልሱላት እንደነበር ጽፈዋል። “ሥራቸውን ካላወቁት ለምን ይቀጠራሉ?” ብለው ነው ደብዳቤውን የጨረሱት።

ንዴታቸው ይገባኛል። እናት አልጋ ላይ ተዘርግታ እያቃሰተች ሰው ወረቀት ሲያነብ ማየት ያማል። ግን ያቺ ቆማ የምታነበው ሴት እኔ ልሆን እችል ነበር። እዚሁ ጅማ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ በሥራው 14 ዓመት ሆኖኛል። የምታነበው ቼክሊስት ይባላል፣ ነገር እንዳይረሳ ጮክ ተብሎ የሚነበብ፣ ካርድ ላይ የተጻፈ የጥያቄ ዝርዝር ነው። ያቺ ሴት የምታነበው ሥራዋን ስላላወቀች አይደለም። ለምን እንደምታነብ ልንገራቸው፣ እግረ መንገዴንም ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ።

ከዓመታት በፊት ነው። ያኔ የምሠራው ሌላ ከተማ ነበር። የከተማውንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም፣ የትም ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ሁለት የቀን ሠራተኞች አንድ ወጣት በባጃጅ ጭነው አመጡ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አይናገርም፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ እጁ ቀዝቅዟል። “ምን ሆኖ ነው?” አልናቸው። “እኛ እንጃ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘነው፣ ጠጥቶ ይሆናል” አለ አንደኛው። ሰዎቹ ሄዱ፣ “ጠጥቶ ይሆናል” የምትለዋ ቃል ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረች።

ተረኛው ሐኪም ጎበዝ ነበር። ለወግ ያህል አይደለም የምለው፣ እስከዛሬ አብሬያቸው ከሠራሁት ሁሉ እጅግ ጠንቃቃው ነው። ገና እንዳየው “ኦክስጅን ይሰጠው፣ መስመር ይከፈት፣ ስኳር ይለካ” አለ። ልክ ነው፣ አንድም ያጎደለው ነገር የለም። እኔ መስመር ለመክፈት ጎንበስ ብያለሁ፣ ደም ሥሩ አልገኝ ብሎኝ ሦስት ቦታ ወጋሁት። ጓደኛዬ የደም ግፊቱን ትለካለች። ኢንተርኑ፣ ማለትም ተለማማጁ ሐኪም፣ ኦክስጅኑን ይዞ ራስጌው ቆሟል። በዚህ መሀል በሩ ተበረገደና ሚኒባስ ተገልብጦባቸው የቆሰሉ አምስት ሰዎች ገቡ። ጩኸት፣ ደም፣ የሚያለቅስ ቤተሰብ። ሐኪሙ ወደዚያ ሮጠ፣ እኛም ተከፋፈልን።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል አለፈ። አንዲት እናት ነጠላቸው መሬት እየተጎተተ ገቡ። ልጃቸውን ሲያዩ አላለቀሱም። ቀጥ ብለው እኔን አዩኝና “ስኳሩን አያችሁለት? ልጄ እኮ የስኳር መርፌ ይወጋል” አሉኝ።

ጓደኛዬን አየኋት። እሷ ኢንተርኑን አየችው። ኢንተርኑ እኔን አየኝ። ሦስታችንም “ስኳር ይለካ” ሲባል ሰምተናል፣ ሦስታችንም ሌላው ለክቶታል ብለን ነበር። መለኪያው ያለው ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስንለካው 28 አለ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ከ70 ሲወርድ ነው ስኳር ዝቅ አለ የምንለው። በ28 አእምሮ የሚሠራበት ነገር አልቆበታል። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠሁት። መድኃኒቱን ሰጥቼ ብዙም ሳልቆይ ዓይኑን ገለጠና “እማ” አለ። ዳነ። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ በሻይ ሲበላ አይቼዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማን ነው ያጠፋው? ሐኪሙ አዟል። እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልቆምንም። እናቲቱ ሌላ ሰፈር ኖረው አንድ ሰዓት ቢዘገዩስ? የልጁን መውደቅ የነገራቸው ሰው ባይኖርስ?

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያለው አነጋገራችን ውስጥ ነው። “ይለካ፣ ይሰጥ፣ ይጠራ፣ ይወሰድ” እንላለን። የጨዋ አነጋገር ነው፣ ማንንም በጣት አይጠቁምም። ሰው ፊት “አንቺ ለኪ” ማለት እንደ ቁጣ ይመስለናል። ግን “ይለካ” ባለቤት የለውም። ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ስለተነገረ ማንም “ለእኔ ነው” ብሎ አይወስደውም። ጸጥ ባለ ቀን አንዱ ያነሳዋል። አምስት ቁስለኛ አንድ ላይ ሲገባ መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ይሉኝታ ነው። ኢንተርኑ ከሳምንት በኋላ ሻይ እየጠጣን ምን አለኝ መሰላችሁ? ልጁን ባየው ቁጥር “ስኳሩ ስንት ሆነ?” የሚል ጥያቄ አፉ ላይ እየመጣ ይመለስ ነበር። “እናንተ ስንት ዓመት የሠራችሁ ናችሁ፣ እኔ ትናንት የመጣሁ ልጅ ‘ለክታችኋል ወይ’ ብል ንቀት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ” አለኝ። ያን ቀን ሻይዬ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም እኔም ሐኪሙን እንደዚሁ ፈርቼ ዝም ያልኩባቸውን ቀኖች አውቃቸዋለሁ።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገባች። ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ አየር መተላለፊያዋ ተዘጋ። ለዓመታት የሠሩ ሐኪሞች በአፏ በኩል ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ታገሉ። አንዲት ነርስ አንገት ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ አየር የሚሰጥበትን ዕቃ አምጥታ ነበር። ሌላዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ እንዲዘጋጅ ደውላ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቱቦው ላይ ብቻ ተተክለው ቀሩ፣ ነርሶቹም ከዚያ በላይ እንዴት ብለው እንደሚናገሩ አላወቁም። ሴትዮዋ ከ13 ቀን በኋላ አረፈች። ባለቤቷ ማርቲን ብሮሚሊ የአውሮፕላን አብራሪ ነው። የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ ለምን መናገር እንዳቃተው የጤናው ዓለም እንዲማርበት ለዓመታት ደክሟል። ይህን ታሪክ ለተማሪ ነርሶች ስነግር ሁሌም አንዷ አንገቷን ትደፋለች፣ የሆነች ሌሊት ትዝ ብሏት ነው።

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይባላል። ሰው ይህን ተረት ለነቀፋ ነው የሚጠቅሰው። እኔ ወረቀቱን የምፈልገው ግን ለዚሁ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከማታ ጀምሬ ቆሜ፣ የእኔ ጭንቅላት የያዘውን ይለቃል። የሐኪሙም ይለቃል። ወረቀቱ አይለቅም። ደግሞ ወረቀት ይሉኝታ የለውም። ወረቀት “ስኳር ስንት ነው?” ብሎ ሲጠይቅ ማንም ሰው “ንቀኸኝ ነው” አይለውም። ትናንት የመጣው ኢንተርን ካርዱን ይዞ ቢያነብ ጠያቂው እሱ አይደለም፣ ካርዱ ነው። ሲኒየሩም ይመልሳል። እኔ ስለ ቼክሊስት የገባኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰውን ከማስታወሱ ይልቅ ሰው እንዲናገር መፍቀዱ።

ቅሬታ የጻፉት አንባቢ የእድር አባል ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ሲኖር ዕቃ ሲወጣ የዕቃ ኃላፊው ደብተራቸውን ይዘው ይቆማሉ። ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። “ትልቁ ድስት፣ ሦስት።” ተቀባዩ ቆጥሮ “ሦስት” ይላል። “ሳህን፣ መቶ ሃያ።” “መቶ ሃያ።” “ድንኳን ከነብረቱ።” “አለ።” ሲመለስም እንዲሁ ነው። ተቀባዩ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይሁን ጫማ ሰፊ፣ አነባበቡ አይለወጥም። “አላመናችሁኝም እንዴ?” ብሎ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እንዲያውም ሳይቆጠር ቢሰጠው ነው የሚሰጋው፣ ነገ አንድ ሳህን ቢጎድል ምን ሊል ነው? ታዲያ ለሳህን ደንብ ያደረግነውን ለሰው ነፍስ ሲሆን ለምን እናፍርበታለን?

ከዚሁ ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበረውም አውሮፕላን እንዲሁ ነው። ካፒቴኑ ስንት ሺህ ሰዓት ቢበር ሳያነብ አይነሳም። ልማዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ አንድ አዲስ ቦይንግ በሙከራ በረራ ላይ እንደተነሳ ወድቆ ሁለት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አብራሪዎቹ አንቱ የተባሉ ነበሩ፣ የጭራውን መቆለፊያ መክፈት ረስተው ነበር። በቃ፣ አንድ መቆለፊያ።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥብ ያላት ቼክሊስት አወጣ፣ አንዲት ገጽ ብቻ ናት። ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት፣ ሦስት ጊዜ ይቆማል፣ ይነበባል። በስምንት ከተሞች ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ ሞከሯት። ለንደንና ቶሮንቶ አሉበት፣ ኒው ዴልሂና ማኒላ አሉበት፣ ታንዛንያ ውስጥ ያለችው ኢፋካራም አለችበት። “ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው” ለሚሉኝ ሁሌ ኢፋካራን ነው የምጠቅሰው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ።

ከ19ኙ ነጥቦች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገራል። መጀመሪያ ስሰማ “ይሄ ምን ይጠቅማል?” ብዬ ነበር። አሁን ገብቶኛል። አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ጊዜ መናገር አይከብደውም።

ለአደጋ ሕክምናም የዓለም ጤና ድርጅት የራሱን ቼክሊስት አዘጋጅቷል። እኛ ክፍል ውስጥ ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ከሱ ለኛ የሚሆነውን አውጥተን አንዲት ካርድ ሠራን። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ላሚኔት አስደረግናት፣ አልጋው ራስጌ ላይ በገመድ ትንጠለጠላለች። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ናት። የእንግሊዝኛዋን የሚያነቧት ሐኪሞቹ ብቻ ነበሩ። እኛ እርስ በርስ የምንነጋገረው በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀልን ነው፣ የምንደነግጠውም በዚሁ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄውም በዚሁ ይሁን አልን። አልጋ የሚገፉት ሠራተኞችና ጽዳት ላይ ያሉት እህቶቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቋታል።

አሁን አንድ የዝናብ ቀን ላውራላችሁ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሰማዩ አንዴ ከተቀደደ አይሰፋም። ባጃጅ ተገልብጦበት አንድ ጎልማሳ ሰው መጣ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ተጣሟል፣ አጥንቱ ይታያል። እንዲህ ያለ እግር ዓይን ይሰርቃል። ሁላችንም እግሩ ላይ ነን። ቡናማ ሹራብ ለብሷል፣ ሹራቡ በስብሷል፣ ሁሉም ሰው በስብሶ ስለሚገባ ልብ ያለው አልነበረም። ደሙን አቆምን፣ እግሩን አሰርን፣ ማስታገሻ ተሰጠው። የግፊቱ ቁጥር ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። “እግሩ ብዙ ደም አፍስሷል” ተባባልን። አሳማኝ ነው።

በዚህ ጊዜ ካርዷን ይዛ የነበረችው ተማሪ “ቁሙ፣ ላንብብ” አለች። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። “አየር መተላለፊያ?” “ክፍት ነው።” “ኦክስጅን ስንት ነው?” “91።” “ደረቱ በሁለቱም በኩል ይተነፍሳል?” ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ እንደገና አዳመጠ፣ “በቀኝ ደከም ብሏል” አለ። “ጀርባው ታየ?”

ዝም።

ጀርባውን ያየ ሰው አልነበረም። አራት ሆነን አንገቱን ደግፈን እንደ ግንድ በአንድ ላይ አዞርነው። አራተኛዋ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፣ ወገቡን የያዘችው እሷ ነች። ከቀኝ ትከሻው በታች ጣት የምታህል ቀዳዳ ነበረች፣ ከባጃጁ ብረት ሳይሆን አይቀርም። ሹራቡን የዝናብ ውኃ ነው ያበሰበሰው ስንል የነበረው ግማሹ ደም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ሥራ ነው፣ ደረቱ ላይ ቱቦ ገባለት፣ ደም ተሰጠው፣ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። በእግሩ ለመቆም ወራት ፈጅቶበታል፣ ቆሟል ግን። ያቺ ተማሪ ዛሬ ነርስ ናት። “ጀርባው ታየ?” ስትል ሬዚደንቱን እያረመች እንዳልመሰላትና ካርዱን ብቻ እያነበበች እንደነበር ነግራኛለች። ካርዱ ባይኖር ትጠይቅ ነበር ወይ? አልጠየቅኋትም።

ባልደረቦቼ የሚያነሱት ክርክር አለ፣ “ጊዜ የለንም” የሚል። እኛ ካርዷን ሰዓት ይዘን አንብበናታል። ሰው ቶሎ ቶሎ ከመለሰ አንድ ደቂቃ አትሞላም። ያ ልጅ በስኳር ምክንያት ሃምሳ ደቂቃ ተኝቶ ነበር። ግን ክርክሩ አንድ ቦታ ላይ ልክ ነው፣ ልቡ ያቆመ ሰው ፊት ቆሞ ወረቀት አይፈለግም። እጅ ደረት ላይ ይውላል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፣ በየሁለት ደቂቃው ጫኙ ይቀየራል። ካርዱ የሚመጣው እጆች ሥራቸውን ከያዙ በኋላ ነው፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው የሚያነበው። “ምን ረሳን? ልብን ያቆመው ምን ይሆን?” የሚለውን ለመጠየቅ። መሪው በሽተኛው ላይ ካጎነበሰ ማየት ያቆማል፣ ስለዚህ መሪው እግርጌ ቢቆምና ሰውን በስም ቢያዝ ጥሩ ነው። “ሲስተር እንትና፣ አድሬናሊን አንድ ሚሊግራም።” “አድሬናሊን አንድ ሚሊግራም ሰጥቻለሁ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር።” ልክ እንደ እድሩ፣ የተባለው ተደግሞ ይመለሳል። “ይሰጥ” አይባልም።

አሜሪካ ውስጥ ይህን በሙከራ አይተውታል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። 17 የቀዶ ሕክምና ቡድኖችን በሰው ሠራሽ አሻንጉሊት በሽተኛ ላይ 106 የድንገተኛ አደጋ ልምምድ አሠሯቸው። ካርድ ሲኖራቸው መደረግ ካለባቸው ሕይወት አድን ነገሮች 6 በመቶውን ረሱ። ካርድ ሳይኖራቸው 23 በመቶውን። ያው ሰዎች ናቸው፣ ያው እውቀት ነው። በኋላ ሲጠየቁ ከመቶው 97ቱ “እኔ አልጋው ላይ ብሆን ካርዱ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ” ብለዋል። ቅሬታ አቅራቢው አንባቢ ይህችን ቁጥር ቢያስቡባት ደስ ይለኛል።

ግን ወረቀት በራሱ ምንም አያደርግም፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሽቻለሁ። ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ የቀዶ ሕክምናውን ቼክሊስት ሆስፒታሎች ሁሉ እንዲጠቀሙ አስገደደች። በ101 ሆስፒታሎች ያለው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታይ የሟቾች ቁጥር ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ ነው የሄደው፣ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል ተባለ። ሆስፒታሎቹ ግን ቼክሊስቱን እንሞላለን ይሉ ነበር። ለእኔ አይገርመኝም። በትእዛዝ የመጣ ወረቀት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ማታ ሥራው ካለቀ በኋላ አንዱ ቁጭ ብሎ ሃያውንም ሳጥን በአንድ እስኪብርቶ ምልክት ያደርግበታል፣ ወደ ፋይል ይገባል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይቆጠራል። እኔም በፊት በነበርኩበት ቦታ እንዲህ ሞልቻለሁ። በሽተኛው ወጥቶ አልጋው ታጥቦ ነበር፣ እኔ “አዎ፣ አዎ፣ አዎ” እያልኩ እሞላለሁ። ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ለኃላፊዎች የምለው አለኝ። እባካችሁ ቼክሊስትን መቅጫ አታድርጉት። “ሳጥን ቁጥር ሰባት ለምን ባዶ ሆነ” ተብሎ ደመወዝ የሚቆረጥበት ቀን ሁሉም ሳጥን ይሞላል፣ ማንም ደግሞ አያነብም። ደግሞም አታስረዝሙት። በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ይጨመራል፣ አራት ገጽ ይሆናል፣ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የኛ ካርድ መጀመሪያ 22 ጥያቄ ነበራት፣ እያነበብን እየጣልን አሁን 11 ቀርተዋታል። ደግሞ ጸሐፊዎቹ የሚሠሩት ሰዎች ይሁኑ። ቢሮ ተጽፎ የሚወርድ ካርድ “ሞኒተሩን አገናኙ” ይልሃል፣ ሞኒተር የሌለበት ክፍል ውስጥ።

አንድ ነገር ላክል፣ ይህ ደግሞ በሽተኛ ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው። በዚያው በቀድሞ ቦታዬ አንድ ሌሊት ትንፋሽ ያጠራት ሴት መጣች። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ ነው። የሚከፈትበት ቁልፍ ግን የለም። ሙሉ ሲሊንደር ታቅፈን ቁልፍ ፍለጋ በየክፍሉ ስንሮጥ አምስት ስድስት ደቂቃ ሄደ። ሲገኝ ሌላ ዋርድ ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሰው ተውሶ ሳይመልስ። ሴትዮዋን አተረፍናት፣ ያንን የከንፈሯን ቀለም ግን አልረሳውም። አሁን ዱቲ ስንረከብ ካርዷ ጀርባ ላይ ያለውን እናነባለን። በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው አምቡ ባግ ይነፋል? ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚያወጣው ሰክሽን ይስባል? ጉሮሮ የሚታይበት የላሪንጎስኮፑ መብራት በራ? የስኳር መለኪያው ወረቀት ስንት ቀረ? ቁልፉ የት ነው? ቁልፉን በፋሻ ሲሊንደሩ አንገት ላይ አስረነዋል፣ እንዲያም ሆኖ ይጠየቃል። የሚመልሰው ሰው በእጁ ነክቶ ነው “አለ” የሚለው፣ ከሩቅ አይቶ አይደለም።

ቅሬታ ለጻፉት አንባቢና ለሌሎቻችሁም። በሽተኛ ይዛችሁ ስትመጡ አንድ ሰው ካርድ ይዞ ሲያነብ ካያችሁ አትደንግጡ። ጥያቄው እናንተንም ይመለከታል፣ አስታማሚ የሚያውቀውን እኛ አናውቅም። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ካርቶኑን ወይም ባዶ ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። መቼ እንደጀመረው፣ መጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነ። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ መንገድ በሪፈር የምትመጡ የያዛችሁት ወረቀት ላይ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ መጻፉን ከመነሳታችሁ በፊት አይታችሁ፣ ካልተጻፈ አስጽፉ። እና የሆነ ነገር የተረሳ ከመሰላችሁ ጠይቁን። ፊታችንን ብናጨማድድም ጠይቁን። የዚያ ልጅ እናት ባይጠይቁኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሌላ ሐዘን ነበር።

ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ። ሁለት ሰዓት ላይ እንረከባለን፣ ካርዷን የምታነበው አዲሷ ኢንተርን ናት። እኔ ሲሊንደሩ ጋ እቆማለሁ።

አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ
ከጅማ